ከክትሩ ኋላ የተኛው አፈር

በአንድ ወቅት፣ ዳገቱ ከሜዳው በሚበዛበት፣ ዝናቡም የክረምቱን ሁሉ በጥቂት ቀን ጥሎ በሚሄድበት አገር፣ ይመኑ የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። አገሬው «አያ ይመኑ» ይለዋል። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ጎረቤት ድንበር ሲገፋ የሚጠራው እሱ ነው። መጥቶ ገመዱን ይጥላል፣ ችካሉን ይተክላል፣ የሚለውን ብሎ ይሄዳል። እሱ ከፈረደ በኋላ ወረዳ ድረስ ሄዶ የከሰሰ ሰው አልነበረም፤ በዚህም በልቡ ይኮራ ነበር። ይህ የምነግራችሁ ግን ሊኮራበት ያልቻለው ፍርድ ነው።

ከይመኑ ቤት ፊት ለፊት ቀይ አፋፍ የሚሉት ተዳፋት አለ። የዚያ ተዳፋት ባለቤት ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር፤ ሲሞት ሦስት ልጆች ተወ። የበኩር ልጁ አራጋው ዝምተኛና ግትር ነው። ደርበው ሁለተኛው ነው፤ ድንጋይ መካብ ይወዳል፣ ሳቅም አያልቅበትም። የመጨረሻዋ ፈንታነሽ ናት። ይመኑ ተጠራና መሬቱን ከላይ ወደ ታች በእኩል ገመድ ሦስት ቦታ ከፈለው። እጣ ተጣለ። ላይኛው ለአራጋው፣ መካከለኛው ለደርበው፣ ታችኛው ለፈንታነሽ ወጣ።

ታችኛው ጥቁር አፈር ስለነበር ሁሉም የተመኘው እሱን ነው።

«እታለም፣ እግዜር አንቺን ይወድሻል» አላት ደርበው።

«ቢወደኝማ እናንተን ሁለታችሁን ከአናቴ ላይ ባላስቀመጠብኝ» አለች። ሦስቱም ሳቁ፤ ይመኑም አብሮ ሳቀ።

ያን ቀን የመሬቱን ወርድና ቁመት በትክክል ለክቷል። ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ግን አላየም። የጠየቀውም አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። አራጋው ስድስት ልጅ ወለደ። የመሬቱ አናት ላይ ወይራና ክትክታ የሞላበት ጥሻ ነበር፤ አባቱ በሕይወቱ ምሳር አሳርፎበት አያውቅም። አራጋው መነጠረውና እስከ አፋፉ ጫፍ ድረስ አረሰው። ለሁለት ዓመት ስንዴው እንደ ጉድ ያዘ። በሦስተኛው ክረምት ዝናቡ ሲመጣ የሚይዘው ሥር አላገኘም፤ አፈሩን ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ፣ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ብቻ የሚፋተግበት ጊዜ መጣ።

ያ ውሃ ደርበው መሬት ላይ ሲደርስ አንድ ቀጭን መስመር ቀደደ። መጀመሪያ ጥጃ የሚዘለው ነበር። ቀጥሎ በሬ የማይሻገረው ሆነ። ፈንታነሽ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ለስላሳውን ጥቁር አፈር እንደ ቅቤ እየቆረሰ ሰው የሚውጥ ቦረቦር አደረገው። ከአራት ጥማድ መሬቷ የቀረላት ግማሽ ጥማድ ነበር፤ ሌላው ገደል ሆነ። ባሏ «ሠርቼ ልምጣ» ብሎ ወደ ቆላ ወረደና የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

እህትና ወንድማማቾች ተኳረፉ። ፈንታነሽ ደርበውን «ውሃህን ያዝልኝ» ትለዋለች። ደርበው «ለእኔስ ማን ያዘልኝ?» ይላል፤ ወደ ላይ እያየ። አራጋው ለማንም አይመልስም። ይመኑ ሁለት ጊዜ ሊያስታርቃቸው ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ እንደሄደ ተመለሰ። ድንበር የገፋ ሰው ቢሆን ችካሉን መልስ ይለው ነበር። ወርዶ የሄደን አፈር መልስ የሚባለው ማን ነው?

አንድ የነሐሴ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። የቦረቦሩ ጫፍ ተደርምሶ የፈንታነሽን ማድ ቤት ይዞት ወረደ። እሷ ከልጆቿ ጋር ደጅ ነበረችና ተረፈች። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ፤ ወንድሞቿም መጡ፣ ይመኑም በምርኩዙ እየተደገፈ ደረሰ። አራጋው ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ታች የሚግተለተለውን ጎርፍ አየ። ጎርፉ ቀይ ነበር። ጥቁሩ የእህቱ አፈር በታች አለ፤ በላዩ የሚሄደው ቀይ ግን ከላይ የመጣ ነው።

«ይሄ የኔ እርሻ ነው» አለ አራጋው። ድምፁ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። «እየሄደ ያለው የኔ እርሻ ነው።»

 ፈንታነሽ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዘችው።

በማግስቱ ሦስቱ ሥራ ጀመሩ። ይመኑ ከደጁ ተቀምጦ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሠሩ አይቷቸዋል፤ ስለዚህ በኋላ ሲጠየቅ ማን ምን እንደከፈለ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

አራጋው ማረሱን ተወ። በሬዎቹን ለአማቹ አስረከበ፣ መሬቱን ዙሪያውን በእሾህ አጠረ። ከድንጋዩ መሃል ጉድጓድ እየቆፈረ ወይራና ግራር ተከለ፤ ከጅረት ዳር ሣር እየነቀለ አመጣና በየመስመሩ አሰመረው። በዚያ አጥር ውስጥ አንዲት ፍየል አልገባችም፣ አንድ ቅጠል አልተቆረጠም። ስድስት ልጅ ያለው ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ አላረሰም። ሚስቱ መልኬ የሰው አዝመራ እያረመች ቤቱን ይዛ ቆየች። ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረዱ፤ አንዱ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። መርዶው የመጣ ቀን አራጋው አጥሩን ሲጠግን ነበር። ለቅሶውን ተቀምጦ ሲጨርስ ተመልሶ ወደ አጥሩ ሄደ። ይመኑ ይህን ያየ ጊዜ «ይህ ሰው አብዷል ወይስ በመጨረሻ ልብ ገዝቷል?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። ሚስቱ «ሁለቱም ነው» አለችው።

ደርበው ክትር ሠራ። ቦረቦሩን በድንጋይ ገድቦ ውሃው ያመጣውን አፈር እንዲጥል ማድረግ ነበር ሐሳቡ። የመጀመሪያውን ዓመት ክትር ጎርፉ ጠረገው። የሁለተኛውን ግማሹን ወሰደው። በሦስተኛው ዓመት በቅርብ ያለው ጥሩ ድንጋይ ሁሉ አልቆ ነበርና ደርበው የራሱን ቤት ግድግዳ አፈረሰ። አባቱ የካበውን፣ ማዕዘኑ የተጠረበውን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ገደሉ አወረደ፤ ቤተሰቡን የሣር ጎጆ ውስጥ አስገባ። ትልቁን የማዕዘን ድንጋይ ሲያስቀምጥ ከእጁ አመለጠውና ቀኝ እጁን ያዘው። ሦስት ጣቶቹ አልተመለሱም። ክትሩ ግን ቆመ። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ማግስት ጎርፉ ያላላውን ድንጋይ እየመለሰ ይክባል፤ በአንድ እጅና በሁለት ጣት።

ፈንታነሽ ቦታውን ሰጠች። ቦረቦሩ ጠቦ በሁለት ቋጥኝ መሃል የሚያልፍበት፣ ክትር ሊቆምበት የሚችል ብቸኛ ቦታ ያለው የእሷ ይዞታ ውስጥ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ገደል መስጠት ማንን ያስቸግራል? ደርበው ግን ሁለተኛው ክትር ሲፈርስ ወደ እሷ መጣ።

«እታለም፣ የተረፈው ውሃ የሚሄድበት ይፈልጋል። መሄጃ ካላበጀንለት ሦስተኛውንም ያፈርሰዋል።»

«በየት ይሂድ?»

ደርበው በቀረቻት ግማሽ ጥማድ ላይ ዓይኑን ጣለ። ገብሱ እሸት ይዞ ነበር። «በሌላ በኩል ሁሉ ሞክሬ አየሁት» አለ።

ፈንታነሽ ዶማ አነሣችና ማፋሰሻውን ራሷ በገብሱ መሃል ቀደደችው። «ሌላ ሰው እንዲቆርጥብኝ አልፈልግም» አለች ብቻ። በሦስት ክረምት ውሃው ያችን ግማሽ ጥማድ ጠጠር አደረጋት። ከዚያ በኋላ ፈንታነሽ በአገሩ ላይ የምትዘራበት አንድ ክንድ መሬት አልነበራትም። የሰው ቤት እየፈጨች፣ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆቿን አሳደገች። ክረምት ክረምት ደግሞ ማፋሰሻው በቅጠልና በጭቃ እንዳይደፈን ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥታ ትጠርጋለች። አንድ ቀን ብትዘገይ ውሃው ወደ ክትሩ ይመለሳል፤ ይህን ታውቃለች።

አፈሩ መጣ። በመጀመሪያ እንደ ቀጭን ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት። በሰባተኛው ዓመት ከክትሩ ኋላ፣ ቦረቦሩ በነበረበት ቦታ፣ ሜዳ ተኝቶ ነበር። የአራጋው ቀይ አፈርና የፈንታነሽ ጥቁር ተደባልቀው ሌላ ቀለም ሆነዋል። ጣት ቢሰዱበት ይሰምጣል፤ ርጥበቱ እስከ ጥር አይለቅም። የአገሩ ሰው አራስ እንደሚጠይቅ እየመጣ አየው። ሴቶች እልል አሉ። ይመኑም ወርዶ በእጁ ዳበሰው። በዚያ ተዳፋት ላይ መሬት ሲጠፋ እንጂ ሲወለድ አይቶ አያውቅም ነበር።

የመሬቱ ስፋት አንድ ጥማድ ተኩል ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱ አብረው ጤፍ ዘሩ፣ አብረው አጨዱ፣ በቁና ለክተው እኩል ተካፈሉ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የደረሳቸው ግን ገና የካቲት ሳያልቅ አለቀ፤ ሦስቱም ቤት እኩል ተራበ። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ተራ ይሁን ተባባሉ፤ አንድ ሰው ለዓመት ይረሰው፣ ሌሎቹ ይጠብቁ። እጣው ለደርበው ወጣ። የደርበው ልጆች ጠግበው ከረሙ። የአራጋው ሚስት መልኬ ግን ልጆቿ ሲያለቅሱባት ቆይታ አንድ ጠዋት የባሏን አጥር ከፈተችና በግጦሹ ፋንታ ወተት እንዲሰጧት የሰው ፍየሎች አስገባች። አንድ ሳምንት ነው የቆዩት። በዚያው ክረምት ከላይ ጠጠር ወረደና ከአዲሱ መሬት አንዱን ጫፍ አለበሰው። አራጋው ሚስቱን አልተቆጣም፤ ምን ብሎ ይቆጣታል? ጠጠሩን ግን ሦስቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ለቀሙት።

በግንቦት መጀመሪያ ሦስቱም ወደ ይመኑ ቤት መጡ። ቀድሞ የተናገረው ደርበው ነው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«አያ ይመኑ፣ ተነጋግረናል። ለሦስት አይበቃም፤ ለሁለትም አይበቃም። ለአንድ ሰው ይስጡልን። ሁለታችን ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን።»

«የት?»

«ሰው የሚሄድበት።»

«እናንተው እርስ በርሳችሁ ብትስማሙ አይሻልም?»

«ሞከርን» አለች ፈንታነሽ። «እኔ ለአራጋው ይሁን አልኩ፣ አራጋው ለደርበው አለ፣ ደርበው ለእኔ አለ። አንድ ቀን እንደዚያ ተባባልን። በማግስቱ ሦስታችንም የልጆቻችንን ፊት አይተን ሐሳባችንን ቀየርን።»

ይመኑ የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመነ።

በእነዚያ ቀናት ቤዛ የምትባለውን ወጣት የግብርና ባለሙያ ይዟት ወደ ቀይ አፋፍ ወጣ። ቤዛ ከከተማ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አገሩን በእግሯ ታውቀዋለች። አጥሩን አየች፣ ክትሩን በእግሯ መታ መታ አደረገችው፣ ማፋሰሻውን ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። ይመኑ ከኋላዋ እያለከለከ ሄደ።

«ይሄ መሬት ስንት ሰው ያበላል?» አላት።

«አንድ ቤተሰብ፣ አባቴ። እሱም በደንብ ከተያዘ። አንድ ዓመት ጤፍ፣ አንድ ዓመት ባቄላ፣ ፍግ ሳይቋረጥ።»

«እንዲኖርስ ስንት ሰው ይፈልጋል?»

ቤዛ ቆም ብላ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ወደ ክትሩ፣ ከዚያ ወደ ማፋሰሻው። «ሦስቱንም» አለች። «ላይኛው ከታረሰ ወይ ከብት ከገባበት ጎርፉ እንደ ድሮው ይመጣል። ክትሩን በየዓመቱ የሚክበው ከሌለ በሦስት በአራት ክረምት ይሄዳል። ማፋሰሻው ከተደፈነ ደግሞ አንድ ቀን ይበቃዋል።»

«እንግዲያው ሦስቱ ካልቆዩ መሬቱ አይቆይም። መሬቱ ደግሞ ሦስቱን አያቆይም።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምን ትመክሪኛለሽ?»

ቤዛ ዓይኗን ሰበረች። «እኔን ያስተማሩኝ ስለ አፈር ነው» አለች። ይመኑ የእሷም ልብ እንደተሰበረ አየና ሌላ አልጠየቃትም።

እሱም በበኩሉ ያልሞከረው የለም። ከጎረቤት መሬት ፈልጎ ዞረ፤ ሁሉም ከራሱ ቦረቦር ጋር የሚታገል ነው። ወደ ቀበሌ ሄደ፤ የሚታደል መሬት የለም፣ ስም ግን እንመዘግባለን አሉት። ተመዝግቦ የሚጠብቀው ስም ግድግዳ ላይ በብዙ ወረቀት ተለጥፎ አየ። ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ ተቀመጠና ሰው እስኪያነሣው ድረስ አልተነሣም።

ቀጠሮው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር፤ ቦታው ክትሩ ላይ። ጎረቤቶች ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቤዛም መጥታ ነበር። ይመኑ ሦስቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጣቸው።

«ተናገሩ» አላቸው። «አጭር አድርጉት፤ የሠራችሁትን ሁሉ አይቻለሁ።»

አራጋው ቀድሞ ተነሣ። «አፈሩ የኔ ነው። ከእርሻዬ ነው የወረደው። በጥፋቴ ነው የወረደው፤ አልክድም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሳላርስ ኖሬያለሁ። እኔ ዳገቱን ባልዘጋው ደርበው ቢክብ ቢክብ ክትሩ አንድ ክረምት አያድርም ነበር። በዚህ መሬት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ መቃብሩ እዚህ ባይሆንም።» ተቀመጠ።

ደርበው ተነሣ። የተጎዳ እጁን ከጋቢው ሥር ደብቆት ነበር፤ አላወጣውም። «አፈርማ ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ ከዚህ ዳገት ሲወርድ ኖሯል። ወርዶ የት ሄደ? ወንዝ ገባ፣ ጠፋ። የቆመው እኔ ስላቆምኩት ነው። የአባቴን ቤት ነው ያቆምኩት። አያ ይመኑ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ድንጋይ እኔ የተወለድኩበት ክፍል ማዕዘን ነው።» ይመኑ ከተቀመጠበት ላይ ሊነሣ ዳዳው፤ ከዚያ ግን መነሣቱም መቀመጡም እኩል አሳፈረው።

ፈንታነሽ ሳትነሣ ተናገረች። «እነሱ ሁለቱ ያላቸውን ነገር ነገሩዎት። እኔ የነበረኝን ነው የምነግርዎት። ይሄ ቦታ የኔ ነው፤ የይዞታ ደብተሩም በስሜ ነው። የኔ መሬት እዚህ ሥር አለ። የአንዱ ስህተት ወሰደብኝ፣ የሌላው ሥራ ደግሞ የቀረችኝን ግማሽ ጥማድ ወሰደ። አልተቃወምኩም፤ በገዛ ዶማዬ ቀደድኩት። አሁን መሬት ሲመለስ ለእኔ ካልተመለሰ፣ ለማን ነው የሚመለሰው?»

ከጎረቤቶቹ መሃል አንዱ «ልክ ናት» አለ፤ ሌላው «ደርበውም ልክ ነው» አለ። ይመኑ በምርኩዙ መሬቱን መትቶ ዝም አሰኛቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ላንተ ባይሰጥ፣ አራጋው፣ ምን ታደርጋለህ?»

«አጥሩን አንሥቼ አርሳለሁ» አለ አራጋው። «በክፋት አይደለም። ከቀሩኝ ልጆች ጋር ለመሄድ ጉልበት ካጣሁ ሌላ ምን አለኝ? ድንጋዩንም ቢሆን እየቧጠጥኩ አርሳለሁ።»

«አንተስ፣ ደርበው?»

«እሄዳለሁ። ከተማ ዘበኛ እቀጠራለሁ፤ ለዘበኝነት ጣት አይቆጥሩም። ከዚህ ብቆይ ግን የሌላ ሰው እንጀራ ለማቆም ድንጋይ አልሸከምም። እችላለሁ ብዬ ልዋሽዎት እችል ነበር።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«እንሄዳለን ተባብለን ነበር፤ እኔ ግን የትም አልሄድም። ሦስት ልጅ ይዛ ሴት ብቻዋን የት ትገባለች? እነሱን ለዘመድ አድዬ ቤቴ ውስጥ እቀመጣለሁ። ማፋሰሻውን ግን ሌላ ሰው ይጥረገው።»

«ከተሰጣችሁስ ለሌሎቹ ምን ታደርጋላችሁ?»

ሦስቱም ተያዩ። የመለሰው አራጋው ነው። «አያ ይመኑ፣ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ቁና እሰጣለሁ እልዎታለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እሰጣለሁም። በሁለተኛው ዓመት ልጆቼ ይቀድሙብኛል። ሁላችንም እንደዚሁ ነን፤ አይጠይቁን።» ደርበውና ፈንታነሽ አልተቃወሙትም።

ይመኑ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ሜዳው ገባ። ከቀኙ ወደ ግራው፣ ከግራው ወደ ቀኙ ሄደ። ለአንዳቸውም ባልሰጠውስ ብሎ አሰበ፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ይሄዳሉ፣ ገደሉም ተመልሶ ይመጣል። ሞቼ ይህን ቀን ባላየሁት ብሎም አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ የፈረደባቸው ሰዎች አንዱ ጥፋተኛ፣ አንዱ ተበዳይ ነበሩ። እዚህ ግን የበደለው ሰው ክሶ ጨርሷል፣ የሠራው ሰው ሠርቶ ጎድሏል፣ የተበደለችው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተበድላለች። ማንን ቢመርጥ ሁለት ቤት ያፈርሳል። የመረጠውም ቤት በዚህ መሬት ላይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ቤዛ ነግራዋለች።

ሲመለስ ሦስቱም ለአክብሮት ብድግ አሉ። በስተምሥራቅ ደመናው ቋጥሮ ነበር፤ ክረምቱ ደርሷል፤ ዘር የሚጠብቅ መሬት ይዞ ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም።

ይመኑ አንድ ስም ጠራ።

ስሙ የተጠራው ሰው አላመሰገነም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሌሎቹ ሁለቱ ቀርበው ትከሻውን ሳሙት፤ ከዚያ ተለያዩ፤ እቆያለሁ ያለም ቢሆን በመጨረሻ አገሩን ለቀቀ። ቀይ አፋፍ ላይ በዚያ ክረምት የአንድ ቤት ጭስ ብቻ ነበር የሚታየው። ተዳፋቱ ላይ የቀረው ያ ሰው ዳገቱን ይጠብቃል፣ ድንጋዩን ይክባል፣ ማፋሰሻውን ይጠርጋል፤ ሦስቱንም ሥራ ለብቻው ይዞ በየዓመቱ ከአንዱ ይዘገያል። መሬቱም በየክረምቱ ከዳር በኩል አንድ ክንድ ይጎድላል። ይመኑ ከደጁ ሆኖ ይህን ያያል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ለሽምግልና ተጠርቶ አልሄደም።

«ያን ጊዜ ተሳስተህ ነበር እንዴ?» ብለው የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። ሲጠይቁት መልሶ «አንተ ብትሆን ማንን ትጠራ ነበር?» ይላል። አንዱ አራጋውን ይላል፣ አንዱ ደርበውን፣ አንዱ ፈንታነሽን፤ እያንዳንዱም ምክንያቱን ሲናገር ይመኑ ራሱን ይነቀንቃል፤ የተናገረው ሁሉ ልክ ነውና።

እሱ የጠራውን ስም እኔም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ወይ እሱን ታሙታላችሁ ወይ ታመሰግኑታላችሁ፤ ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ያ አንድ ጥማድ ተኩል መሬት በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ሦስቱም ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠው ቢጠብቁ፣ ለማን ትሰጡት ነበር? አፈሩ ከእርሻው ለወረደው፣ አፈሩን በቤቱ ድንጋይ ላቆመው፣ ወይስ አፈሩ በመሬቷ ላይ ለተኛባት?